መጽሐፉን ያነበበና ፊልሙን ያየ

መጽሐፍ ወዳድ የሆነ ሰው የሚወደው መጽሐፍ በፊልም ተሠርቶ መጣ ሲባል ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባው፥ ልጁን የዳረ አባት አዲሱን አማች ለማየት እንደሚሄድ ሆኖ ነው። ፊቱ ፈገግ ቢልም ልቡ ጉድለት ይፈልጋል። «ያ ቦታ የት ሄደ? ያ ሰው ለምን ቀረ? እርሷስ እንዲህ ነበረች እንዴ?» እያለ በአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ሰላም ይነሣዋል። በሌላው ወገን ደግሞ መጽሐፉን ያላነበበ፥ ፊልሙን ግን ያየ ሰው አለ። እርሱም በሰው መካከል «ታሪኩን ዐውቀዋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር ለመጨዋወት የፈለግሁት ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ሁለቱንም በቅርብ ዐውቃቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው እኔ ራሴ ነኝ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ የእኅቴ ልጅ ናት።

ይህች ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ብልህ ናት፤ ጥያቄዋም እንደ ወስፌ የሚወጋ ነው። አንድ ቀን መጽሐፍ ብሰጣት ውፍረቱን በእጇ መዘን መዘን አድርጋ፥ «ጋሼ፥ ፊልሙን በአንድ ማታ አይቼ ታሪኩን ካወቅሁት፥ ሺህ ገጽ ማንበብ ለምን ያስፈልገኛል?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ድፍረት ነው ብሎ መቈጣት ይቻላል። ዳሩ ግን ጥያቄው የድፍረት ሳይሆን የሂሳብ ጥያቄ ነው። «አንብቢ፤ ማንበብ ይጠቅምሻል» ማለትም ለሚጠይቅ ልጅ መልስ አይሆንም። ስለዚህ መልሱን በደንብ ላስብበት ወሰንሁ፤ ያሰብሁትንም ለእናንተ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ጊዜ በአዲስ አበባ ሲኒማ መታየት ሲጀምር ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንሥቃለን። እኔ ግን የአባቶቻችን ፍርሃት ጨርሶ ባዶ ነበረ አልልም። በጨርቅ ላይ የሚጋልብ ፈረስና የሚሥቅ ጥላ ባዩ ጊዜ፥ ይህ ነገር የሰውን ዓይን ይዞ ልቡንም እንዳይወስድ ሠግተው ይሆናል። መጽሐፍ ስናነብ አብዛኛውን ሥራ የምንሠራው እኛው ነን። ደራሲው «ቤት» ካለ ግድግዳውን የምናቆመው፥ ጣራውን የምንከድነው፥ እሳቱን የምናነደው እኛ ነን። ለአንዱ አንባቢ የሣር ቤት ይሆንለታል፤ ለሌላው የቆርቆሮ። ፊልም ግን ቤቱን ሠርቶ፥ ቀለሙን ቀብቶ፥ መጋረጃውን ሰቅሎ «ግቡ» ይለናል። በዚያ ቤት ውስጥ እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ መሆን ክፉ ነገር አይደለም፤ ዘወትር እንግዳ የሆነ ሰው ግን ቤት መሥራት ይረሳል።

ለልጅቱ መጀመሪያ የሰጠኋት መልስ እንደ ጥያቄዋ የሂሳብ መልስ ነበር። በእጇ የመዘነችው መጽሐፍ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ያሳተመችው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው፤ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ተተርጕሟል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ከ1,000 ገጽ ያልፋል። አንድ ደኅና አንባቢ በሰዓት 30 ገጽ ቢያነብ ለመጨረስ ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በ1939 የተሠራው ፊልም ግን አራት ሰዓት ያህል ነው፤ እርሱም ረዥም ስለ ሆነ በመካከሉ ዕረፍት ተደርጎበታል። እንግዲህ 33ቱን ሰዓት ለ4 ብናካፍለው፥ ፊልሙን ያየ ሰው ከስምንት እጅ አንዱን እጅ ብቻ አገኘ ማለት ነው። የቀረው ሰባት እጅ ወዴት ሄደ?

ከቀረው ውስጥ ጥቂቱን ልንገራችሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ስካርሌት ኦሃራ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከሦስቱ ባሎቿ ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ወልዳለች። በፊልሙ ግን ቦኒ የምትባለው የመጨረሻዋ ልጅ ብቻ አለች። ሌሎቹ ሁለቱ ሞተው አይደለም የቀሩት፤ ጨርሶ አልተወለዱም። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ ዌድ እናቱን እየፈራ፥ መድፍ እየሰማና እየተራበ የሚያድግ ሕፃን ነው። የጦርነቱን መከራና የእናቲቱን ልብ መጠንከር በአንድ ሕፃን ዓይን የምናይበት መስኮት እርሱ ነበር። ልጁ ሲቀር መስኮቱም ተዘጋ።

ደግሞም ደራሲዋ ገና ከመጀመሪያው ስካርሌትን በመልኳ የምትጠቀስ ቆንጆ አድርጋ አላቀረበቻትም፤ ኃይሏ ሌላ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ቪቪየን ሊን መረጡ፤ እርሷም ያየ ሁሉ የሚደነቅባት ውብ ሴት ነበረች። ሥራዋን እጅግ አሳምራ ስለ ሠራችው የኦስካር ሽልማት አግኝታበታለች፤ ይህን አልነፍጋትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት የሚመጣበት የቪቪየን ሊ ፊት ነው። ፊልም የሰጠንን ፊት መልሰን «እንካ፥ አልፈልገውም» ልንለው አንችልም። መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን ሁለት ፊት ይኖረዋል፤ አንዱ የራሱ፥ ሁለተኛው የተዋናይቱ። ሁለት ያለው ሰው ማመዛዘን ይችላል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ያንኑ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል።

ከመቀነስ ደግሞ የሚከፋ አለ፤ እርሱም መለወጥ ነው። ሩሲያዊው ሊዮ ቶልስቶይ በ1878 በመጽሐፍ ያወጣትን «አና ካሬኒና»ን የምታውቁ ሁሉ፥ ያች ምስኪን ሴት ሕይወቷ በባቡር መንኰራኵር ሥር እንዳለፈ ታውቃላችሁ። በ1927 በሆሊውድ ይህ ታሪክ «ፍቅር» ተብሎ በግሬታ ጋርቦ ተዋናይነት በፊልም ሲሠራ ግን ሁለት ዓይነት መጨረሻ ተዘጋጀለት። በአንደኛው አና ትሞታለች፤ በሁለተኛው ባሏ ይሞትና ከወዳጇ ጋር በደስታ ትገናኛለች። ሲኒማ ቤቶቹ ለተመልካቾቻቸው የሚስማማውን መምረጥ ይችሉ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በአንዱ ከተማ የሚለቀስላት ሴት በሌላው ከተማ ትሞሸራለች! ቶልስቶይ ያን ሁሉ ገጽ የጻፈው፥ ሰው ከልቡ ጋርና ከኅብረተሰቡ ጋር ሲጣላ የሚከፍለውን ዋጋ ለማሳየት ነበር። ዋጋው ሲሰረዝ ታሪኩ የሰርግ ጨዋታ ሆነ። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፥ ያችው ግሬታ ጋርቦ በ1935 እንደ ገና አናን ስትሆን መጨረሻው እንደ ደራሲው ሆኖ ተሠርቷል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። ሜሪ ሼሊ የምትባል እንግሊዛዊት ገና በ18 ዓመቷ ጀምራ በ1818 ያሳተመችው «ፍራንከንስታይን» የሚባል መጽሐፍ አለ። አንድ ወጣት ተመራማሪ ከሬሳ አካል ሰው መሰል ፍጡር ሠርቶ ነፍስ ይዘራበታል፤ ከዚያም መልኩ ሲያስፈራው ጥሎት ይሸሻል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ የተጣለ ፍጡር በአንድ ድኻ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ፥ በቀዳዳ እያየ ቋንቋ ይማራል፤ ፊደልም ይለያል። በሜዳ ወድቀው ያገኛቸውን መጻሕፍትም ያነባል፤ የሚልተንን፥ የፕሉታርክንና የጌቴን። ካነበበ በኋላ ፈጣሪውን ፊት ለፊት ገጥሞ «ለምን ፈጠርኸኝ? ፈጥረህስ ለምን ጣልኸኝ?» ብሎ ይሟገታል። በ1931 በተሠራው ዝነኛ ፊልም ግን ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተው ያው ፍጡር ቃል አይናገርም፤ ያጉረመርማል እንጂ። ተዋናይቱ ክፍል እጅግ ከባድ ሆና ሳለ ካርሎፍ በዓይኑና በእጁ ብቻ ሐዘንን ለማሳየት መቻሉን አደንቃለሁ። ቢሆንም ፊልሙ ከዚህ ፍጡር ላይ የወሰደው ታላቅ ነገር ንባቡን ነው። ንባቡ ሲወሰድበት ቃሉም ተወሰደበት፤ ቃሉ ሲወሰድበት ሙግቱን የሚሰማለት ጠፋ፤ ሰዎችም የአውሬ ታሪክ ነው ብለው ያዙት። እንዲያውም ዛሬ ብዙ ሰው «ፍራንከንስታይን» የሚለው የፍጡሩ ስም ይመስለዋል፤ ስሙ ግን የሠሪው ነው። ያ ምስኪን ስም እንኳ አልተሰጠውም።

እስካሁን የተናገርሁትን ሰምታችሁ «ይህ ሰው የፊልም ጠላት ነው» እንዳትሉኝ። ፊልም ደራሲ በብዙ ቃል የሚደክምበትን በአንድ አፍታ የሚፈጽምበት ጊዜ አለ። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ያሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» ድርቅና ዕዳ ከእርሻቸው ያፈናቀላቸው የኦክላሆማ ገበሬዎች ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው ልጇ ሞቶ የተወለደባት ወጣት ሴት በረኃብ ሊሞት ለተቃረበ እንግዳ ሰው ጡቷን በመስጠቷ ነው። ጆን ፎርድ በ1940 ፊልሙን ሲሠራ ያን በጨርቅ ላይ ማሳየት በዚያ ዘመን የማይታሰብ ነበረ፤ ስለዚህ ፊልሙ በእናቲቱ የተስፋ ንግግር ያልቃል። መጽሐፉ ያስደነግጣል፤ ፊልሙ ያጽናናል። በዚህ በኩል መጽሐፉን እመርጣለሁ። ዳሩ ግን በዚያው ፊልም ውስጥ ቤተሰቡ ከመሰደዱ በፊት እናቲቱ ለብቻዋ ተቀምጣ የድሮ ዕቃዎቿን ስትመርጥ እናያለን። የማትወስደውን ወደ እሳት ትጥላለች፤ አንድ ጥንድ ጕትቻ ታገኝና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አድርጋ ራሷን በመስታወት ታያለች። አንድ ቃል አትናገርም። እኔ በዚያ ፊት ላይ ያለፈ ወጣትነት፥ የፈረሰ ቤትና የማይመለስ ዘመን አየሁ። ጄን ዳርዌል የምትባለው ተዋናይ ለዚህ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት አግኝታለች፤ ይገባታል።

በመጽሐፍና በፊልም መካከል ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናውቀው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ትረካ ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ከታተመ በኋላ፥ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ድምፁን አይረሳውም። ፊደል ያልቈጠረች አክስት ነበረችኝ። ትረካው ሲጀምር ምድጃውን ትታ፥ ነጠላዋን አገጯ ሥር ሰብስባ ሬዲዮው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ለሰብለ ወንጌል አልቅሳለች፤ ፊታውራሪ መሸሻን ረግማለች፤ ጉዱ ካሣንም «ይህስ እውነተኛውን ተናገረ» ብላ መርቃዋለች። አንድ ገጽ ገልጣ ሳታውቅ ያን ታላቅ መጽሐፍ ከብዙ የተማረ ሰው ይልቅ ዐወቀችው። ወጋየሁ የሰጣት ድምፅ ነው፤ ፊቱን ግን ለእርሷ ተወላት። የበዛብህ መልክ ለአክስቴ የራሷ ነበረ፤ ለእኔም የራሴ ነው። ስለዚህ ማንበብ ያልቻለውን ሰው ከታላላቅ መጻሕፍት ጋር የሚያገናኘውን በር፥ ትረካም ይሁን ፊልም፥ ንቀን አንዝጋው። የምወቅሰው ማንበብ እየቻለ በበሩ ላይ ቆሞ የሚቀረውን ነው።

አሁን ወደ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ልመለስ። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ የተተረጐመበት አኳኋን ራሱ አንድ መጽሐፍ የሚወጣው ነው። ተርጓሚው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ ተረጐመው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብራማ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ቍጥሩም ወደ 3,000 የሚጠጋ ነበር። ያ ሁሉ ብጥስጣሽ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጥቶ፥ በኋላ ተሰብስቦ ታተመ። እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ የልጅቱን ጥያቄ እዚህ ላይ አምጥታችሁ መዝኑት። በእስር ቤት ውስጥ ፊልም ማሳየት አይቻልም። ቃል ግን በሲጋራ ወረቀት ላይ ያድራል፤ በኪስ ይገባል፤ በአእምሮም ይሸሸጋል። ነገ መኖሩን ለማያውቅ እስረኛ ይህ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነለት ከአማርኛው አርእስት መረዳት አያዳግትም። ፊልም ቤትና ብርሃን፥ መሣሪያና ገንዘብ ይሻል፤ መጽሐፍ ግን አንድ ፊደል የሚያውቅ ሰውና ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል።

ይህን ታሪክ ለልጅቱ ነግሬያት ደስ አላት። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ሳትጀምር አስቀድማ ፊልሙን ከእኔና ከእናቷ ጋር አየች። ፊልሙ እየታየ ሳለ፥ ስካርሌትን ያሳደገቻትን ጥቁር ሴት አይታ «ጋሼ፥ ይህች ሴትዮ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። «ማሚ» አልኋት። «እርሱማ እማማ ማለት ነው፤ የእርሷ የራሷ ስም ማን ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በፊልሙም፥ ሺህ ገጽ ባለው በመጽሐፉም፥ ይህች ባሪያ ሆና የኖረች፥ ሦስት ትውልድ ያገለገለች ሴት «ማሚ» ከመባል በቀር ሌላ ስም የላትም። ቤቱ ስም አለው፤ የእርሻው ቦታ ስም አለው፤ የእርሷ ግን የለም።

በዚያ ማታ በቤታችን ጸጥታ ሆነ። እኅቴና እኔ እርስ በርሳችን ተያየን። በአያታችን ቤት፥ በገጠር፥ በልጅነታችን የምናውቃት አንዲት አሮጊት ነበረች። እናታችንን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እርሷ ናት። እህል ስትፈጭ፥ ውሃ ስትቀዳ፥ ለእንግዳ እግር ስታጥብ አይተናታል። ከየት እንደ መጣች የነገረን ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም «እማማ» እንላት ነበር። በአገራችን ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1942፥ በእኛ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊትም ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንና ከዚያም በኋላ ልዩ ልዩ ደንቦች ወጥተው ነበር። አዋጅ ሰንሰለትን ይፈታል፤ የተወሰደ ስምን ግን ወደ ባለቤቱ አይመልስም። በማግሥቱ እኅቴ በሕይወት ያሉትን አንድ ሽማግሌ ዘመዳችንን በስልክ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም የክርስትና ስሟን ነገሩን፤ ተዝካሯ ሲወጣ ካህናቱ የጠሩት ስም ነው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ግን የሚያውቅ አላገኘንም። እነሆ፥ ፊልም ይህን አደረገ። በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ በገጾች መካከል ተሰውሮ ያልፋል፤ ፊት ሆና ስትመጣ ግን ጥያቄው በራሱ መጣ።

ያ ፊት የሃቲ ማክዳንኤል ፊት ነው። እናትና አባቷ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 በአትላንታ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፥ በዚያ አገር የጥቁርና የነጭ ልዩነት ሕግ ስለ ነበረ ከነጮቹ ተዋንያን ጋር ለመገኘት አልቻለችም። በየካቲት 1940 ኦስካር ስትሸለም፥ ይህን ሽልማት ለመቀበል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች፤ በዚያች ሌሊት ግን የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ ተለይታ በአንድ ጥግ በተዘጋጀላት ጠረጴዛ ነበር። በ1952 ስትሞትም ልትቀበርበት የተመኘችው የሆሊውድ መካነ መቃብር ጥቁር ስለ ሆነች አልተቀበላትም። ሽልማቷን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዝዛ ነበር፤ እርሱም በኋላ ጠፋ፤ ምትኩ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ2023 ነው። እንግዲህ ያችን ስም የለሽ ሴት በፊልሙ ውስጥ ስናይ ሁለት ሴቶችን እናያለን፤ አንዷ ደራሲዋ ከጌቶች መስኮት ሆና ያየቻት፥ ሁለተኛዋ በዚያች ልብስ ውስጥ ሆና ቅንድቧን ስታነሣ ሁሉን የምትመዝን፥ የምታውቅና የምትታዘብ ናት። ይህችን ሁለተኛዋን መጽሐፉ አይሰጠንም።

«እንግዲያውስ ፊልሙ ይበቃል» ትሉኝ ይሆናል። አይበቃም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ስካርሌት በመንገድ ላይ ጥቃት ሲደርስባት፥ ባሏና ጓደኞቹ ሌሊት ለበቀል ይወጣሉ። ደራሲዋ እነዚህ ሰዎች ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ጥቁሮችን የሚያሳድደው ማኅበር አባሎች መሆናቸውን በስሙ ጠርታ ትናገራለች፤ ያውም እንደ ተገቢ ነገር አድርጋ ነው። በፊልሙ ግን የማኅበሩ ስም ወጥቶ ሰዎቹ ወደ ፖለቲካ ስብሰባ የሄዱ መስለው ቀርበዋል። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ከጥቁሮች ማኅበር የመጣውን ተቃውሞ ሰምተው ነው፤ ጥሩም አደረጉ። ዳሩ ግን ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው የታሪኩን መርዝ በስኳር ተሸፍኖ ይውጠዋል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን መርዙን በዓይኑ ያየዋል፤ የሚወደውንና የሚጠላውን ለይቶ ያውቃል። እኔ ስካርሌት ከተቃጠለ አገር ተነሥታ ቤተሰቧን ከረኃብ ስታድን በአድናቆት አነባለሁ፤ ስለ ባሮች የተጻፈውን ሳነብ ደግሞ አልቀበለውም። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከባድ ነው። ይህን ክብደት መሸከም ነው ማንበብ ማለት።

እንግዲህ ለልጅቱ የሰጠኋትን ምክር ለእናንተም ልስጥ። የምትችሉ ከሆነ መጽሐፉን አስቀድሙ፤ የራሳችሁን ፊት፥ የራሳችሁን ቤትና የራሳችሁን ድምፅ በልባችሁ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ፊልሙ ሂዱ። ፊልሙ ከቀደመባችሁ ግን አትጸጸቱ፤ ከፊልሙ ስትመለሱ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ መጽሐፉን ክፈቱ። ምን ተቀነሰ? ምን ተለወጠ? ምንስ ተጨመረ? ይህን እየጠየቀ የሚያነብ ሰው ማንም ፈረንጅ ወይም ማንም ነጋዴ ታሪክ ቈርጦ ሲያቀርብለት የተቈረጠበትን ቦታ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለሲኒማ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ፤ ወሬ ስትሰሙ፥ ታሪክ ሲነገራችሁ፥ ሰው ስለ ሰው ሲያወራላችሁ ይጠቅማችኋል።

ደግሞም ፊልምን ብቻችሁን አትዩ፤ መጽሐፍንም አንብባችሁ ዝም አትበሉ። መጽሐፍ የሚነበበው ለብቻ ነው፤ ፊልም የሚታየው ከሰው ጋር ነው። ያነበበው ላየው፥ ያየው ላነበበው ቢነግረው ሁለቱም ያተርፋሉ። በቤታችሁ ማንበብ የማይችል አረጋዊ ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ልጅ ካለ ደግሞ ጥያቄውን ስሙት፤ ልጆች የሚጠይቁት እኛ ተላምደን የምናልፈውን ነው።

ፊልም ፊትን ይሰጠናል፤ መጽሐፍ በፊቱ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ይሰጠናል። ፊቱን ሳያዩ ሐሳቡን ማወቅ፥ ሐሳቡን ሳያውቁም ፊቱን ማየት ጎደሎ ነው። ስም ያልተሰጠው ፍጡርም፥ ስሟ ያልተነገረን ሴትም፥ በመጽሐፍም በፊልምም መካከል ቆመው የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «አንተ ማን ነህ? አንቺስ ማን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃቸው አንባቢና ተመልካች ነው። እናንተ ያን ሰው ሁኑላቸው።